ቀለም የቀመሰ ጉድጓድ

በእኛ አገር የተማረ ሰው «ቀለም የቀመሰ» ይባላል። አባባሉን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው መሆኑን ግን እምላለሁ። ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቀለም ምን ምን እንደሚል ያውቅ ነበርና ለትምህርት ሌላ ስም ይፈልግለት ነበር። እኔ አሶሳ ውስጥ ባለች አንዲት አነስተኛ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ወረቀት ስገልጥ ጣቴን በምራቄ የማራስ ክፉ ልማድ ስላለብኝ አንድ ቀን ጥቁር፣ አንድ ቀን ቀይ ስቀምስ እውላለሁ። ጥቁሩ ላምባ ላምባ ይላል። ቀዩ ጥቁሩን ያስመርጣል። ቀለም መቅመስ ሰውን የሚያስተምር ቢሆን ኖሮማ የማሽናችን ባለሙያ ይመር፣ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ምሳ የሚቀርበው ሰውዬ፣ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነበር።

ለነገሩ ማተሚያ ቤት ሲባል ለሰው ሁሉ የሚታየው ቀለምና ወረቀት ነው። እናንተም ከዚያ የተለየ ያሰባችሁ አይመስለኝም። ውስጡ ለገባ ሰው ግን ሥራው የውሃ ሥራ ነው። ጽሑፉ የሚቀረጽበት «ፕሌት» የምንለው ስስ ቆርቆሮ አለ፤ ፊደሉ ያለበት ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ባዶው ቦታ ደግሞ ውሃ ይይዛል። ቀለሙ ቅባት ስለሆነ ውሃው ያለበትን ቦታ አይደፍርም። እንግዲህ አንድ ገጽ ስታነቡ ጥቁሩን የሰጣችሁ ቀለም ነው፤ ነጩን የጠበቀላችሁ ውሃ ነው። ውሃው ትንሽ ካነሰ ገጹ እንዳለ ይጨማለቅና የሰርግ ጥሪው የሐዘን መግለጫ ይመስላል። ሆኖም በሥራ ዘመኔ ለቀለሙ ያመሰገነ ደንበኛ እንጂ ለውሃው ያመሰገነ አላጋጠመኝም። ውሃ እንዲህ ነው፤ ሥራውን በደንብ ሲሠራ አይታይም።

አሶሳ ደግሞ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ነው። የሰፈራችሁ ፈረቃ ማክሰኞ ከሆነ ልብስ የምታጥቡት ማክሰኞ ነው፣ ፀጉር የምትታጠቡት ማክሰኞ ነው፣ የቅርብ ዘመድ ማክሰኞ ቢሞት እንኳ ለቅሶ የምትደርሱት ጄሪካናችሁን ሞልታችሁ ነው። ለቀስተኛውም አይቀየምም፤ እሱም ሞልቶ ነው የመጣው። ፈረቃው ያመለጠው ሰው ቁልቁል ማንጎዎቹን አልፎ ወደ ሐጃ ዘይነብ ጉድጓድ ይወርዳል። ማተሚያ ቤታችንም ከወራጆቹ አንዱ ነበር።

ሐጃ ዘይነብ የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት። ጉድጓዱን የቆፈሩት ባላቸው ናቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ይጠጣበት ብለው። ሰውየው ካረፉ በኋላም ሰው ከዚያ ጉድጓድ በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ የበጎ ሥራው ዋጋ ማለት ነው፣ ለእሳቸው እየተላከ ነው ብለው ሐጃ ያምናሉ። ስለዚህ በሌላ ቦታ ውሃ የሚቀዳ ሰው አመስግኖ ይሄዳል፤ እዚያ ግን የሚያመሰግኑት ባለ ጉድጓዷ ናቸው። ጄሪካን ተሸክማችሁ ስትወጡ «አላህ ይስጥልኝ፣ ነገም ና» ይሏችኋል። እኔ ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት፤ ሐጃ ግን አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ካወቁኝ ጊዜ ጀምሮ «አንተ» ነው የሚሉኝ። የሰው ጽሑፍ አርሜ የምኖር ብሆንም እሳቸውን አርሜያቸው አላውቅም። ስሕተት ሆኖ ደስ የሚል ነገር አለ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው በጋ አንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ ፖስተር አዘዘን። መሐሉ ላይ አንድ ግዙፍ ሰማያዊ የውሃ ጠብታ፣ ከሥሩ «ውሃችንን ከብክለት እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ። «ብክለት»ን «ብክልት» ብለው ልከውት ነበርና አረምኩት። በራሴም ኮራሁ። ጠብታው ግዙፍ ስለነበር ሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ ሙሉ በላ። ፖስተሩ ታትሞ እንዳለቀ ቀይ የሰርግ ካርድ ያዘዘ ሙሽራ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ከእሱ ኋላ ደግሞ አረንጓዴ ደረሰኝ የሚጠብቅ ነጋዴ አለ። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ማሽኑ መታጠብ አለበት። ይመር ላምባውን አፈሰሰ፣ ሰማያዊውን አጠበ፣ በላዩ ውሃ ለቀቀበት፤ ቀዩን አትሞ እንደገና አጠበ፤ አረንጓዴውን አትሞ እንደገና አጠበ። እጣቢው በጓሮ በር ወጥቶ በቦዩ ቁልቁል ሄደ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሄደው። ፊት ለፊት በር ላይ ውሃ እንጠብቅ እያልን ፖስተር እንጠቀልላለን፣ በጓሮ በር ጠብታዋን ራሷን እንሸኛለን። ቦዩ የት እንደሚያልቅ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሐጃ ዘይነብ መጡ። በአንድ እጃቸው ጆግ፣ በሌላው የነጭ ፍየላቸውን ገመድ ይዘዋል። የማተሚያ ቤታችን ባለቤት ጋሽ ገለታ የወለጋ ሰው ነው፤ ደግ፣ ጸሎተኛ፣ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ቀና ብሎ ሰው የማያይ። የካርድ ናሙና እያመሳከረ ነበር።

«ገለታ፣ እኛ ቀለም ቀመሰ» አሉት ሐጃ።

ጋሽ ገለታ በሰፈሩ የጎልማሶች ትምህርት መጀመሩን ሰሞኑን ሰምቷል። አንገቱን እንደደፋ ፊቱ በራ። «እንኳን ደስ አለዎት ሐጃ። ጌታ ይመስገን። እርስዎም ጀመሩ?»

«እኔም ቀመሰ። ልጆችም ቀመሰ። ጎረቤት ሁሉ ቀመሰ።»

«ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ። ደብተሩ ከእኛ ይሁን።»

«ፍየልም ቀመሰ።»

ያኔ ነው ጋሽ ገለታ ቀና ያለው። ፍየሏ ከአፍንጫዋ እስከ ጢሟ ሰማያዊ ነበረች። ቅድም ያልኳችሁ ሰማያዊ ራሱ፤ የጠብታው። ከቦዩ ስትጠጣ አድራ መሆን አለበት። ሐጃ ጆጉን ዘረጉለትና «አንተም ቅመስ» አሉት። ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋ፤ ከዚያ አራቀው። እኔም ሄጄ አየሁ። ላዩ ላይ ስስ ቅባት ተንሳፍፏል፣ ሽታው የማሽን ክፍላችን ሽታ ነው። ፍየሏ ከቦይ ጠጥታ ነው ብለን ብናልፈው እንኳ የጆጉ ውሃ ከቦይ አልተቀዳም። ከጉድጓዱ ነው።

ሐጃ የወረቀት እስር ላይ ተቀመጡ። አልጮኹም፣ ካሣም አልጠየቁም። «ጉድጓድ ዘጋሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ድንጋይ አስቀመጥኩ። ሰው መጣ፣ ባዶ ሄደ። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን አልተዘጋም ነበር። ሰው ሲጠጣ ለሱ አጅር ይሄዳል። አሁን ማን ይጠጣል? ለሱ ምን ይሄዳል?»

ቢቆጡን በስንት ጣዕሙ። ለተቆጣ ሰው መልስ አይጠፋም፤ ቢያንስ «ይረጋጉ» ይባላል። እኔ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ አዘንኩ። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የቀረችውን ገቢ እኛ በላምባ አቆምንበት።

ጋሽ ገለታ መጀመሪያ ያመጣው መፍትሔ የሁላችንንም ጭንቅላት የሚያሳይ ነበር። «ቦዩን አዙረን በወዲያ በኩል ወደ ወንዙ እንልቀቀው» አለ።

«ወዲያ ማን አለ?» አሉት ሐጃ።

ወዲያ ባምያና ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባምያውንም ገዝተን እንበላለን። ቦይ የማዞሩ ነገር እዚያው ሞተ።

ከዚያ ጣት መቀሳሰር ሆነ። ጋሽ ገለታ «እንደዚህ ውሃና ላምባ ማን አፍስስ አለህ?» ብሎ ይመር ላይ ዞረ። ይመር አባቱ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰው ነው፤ እዚሁ ተወልዶ አደገ እንጂ አነጋገሩ ገና ወሎን ለቆ አልወጣም። «ምነዋ ጋሽዬ» አለ፣ «እኔ አታሚ ነኝ ወይስ አጣቢ? አንዱ ይመጣና ቀይ ይላል፣ አጥባለሁ። ሌላው አረንጓዴ ይላል፣ አጥባለሁ። ወላሂ ከማትመው የማጥበው ይበልጣል። ይልቅ እንደ ቧንቧው ፈረቃ አውጡላቸዋ። ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ቀይ በሏቸው።»

ለማሾፍ ነው ያለው። እኔም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። ጋሽ ገለታ ግን አልሳቀም። ወፍራም እስክሪብቶ ፈልጎ ከፖስተሩ ትራፊ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሲጨርስ በር ላይ ለጠፈው፤ እኔ ቆሜ አረምኩት። ሰኞ ቢጫ፣ ማክሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ አረንጓዴ፣ ሐሙስ ሰማያዊ፣ ዓርብ ጥቁር። ቅዳሜ ማሽኑ ይታጠባል። ከነጣው ወደ ጠቆረው ሲኬድ የትናንቱ ቅሪት የዛሬውን ብዙ አይጎዳውም፤ በመሐል ቀለሙን በቢላ ጠርጎና በጨርቅ ወልውሎ ማለፍ ይበቃል። ይህን ይመር ድሮም ያውቀዋል። ጠያቂ አጥቶ ነው።

ሌላውም ተከተለ። የጓሮ በር ተቆለፈ፣ ወደ ቦዩ የሚወስደው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፈነ። የቅዳሜው እጣቢ ላምባ በጄሪካን ተጠራቅሞ እንዲሰክን ይተዋል፤ ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀዳል፣ ታች የዘቀጠው በርሜል ውስጥ ይታሸጋል። በርሜሉን ወረቀት የሚያመጣልን መኪና ባዶውን ከሚመለስ ይዞት ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበሉ ሰዎች። ፕሌት የታጠበበት ውሃም አንዴ ነክቶ መሄዱ ቀረ፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለቀጣዩ ፕሌት መጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል። በፈረቃ ቀን ስንቀዳ የነበረው ጄሪካን ብዛት ሲቀንስ የተሸካሚው የይመር ወገብ መጀመሪያ አወቀው።

ጋሽ ገለታ ግን ደንበኛው ሁሉ እየሰደበን ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ይሄዳል ብሎ ነበር የፈራው። እኔም ፈርቼ ነበር። ሰው ለሰርጉ ቀለም ቀን ጠብቅ ሲባል ዝም የሚል አይመስልም። የመጀመሪያው ሰኞ ከባምባሲ የመጡ አንድ አባት ለልጃቸው ሰርግ ቀይ ካርድ ፈልገው በሩ ላይ ያለውን አነበቡ። «ዲማ ነገ ነው?» አሉ፤ በኦሮምኛ ቀዩ ማለታቸው ነው። «ነገ ነው» አልናቸው። «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። በቃ። ለካ ውሃ በፈረቃ የሚጠጣ ከተማ ቀለም በፈረቃ ሲሆንበት የሚገርመው ነገር የለም። እንዲያውም የቀለሙ ፈረቃ ከውሃው ፈረቃ ይልቅ ቀኑን ያከብር ነበር።

ከዚያማ ከተማው ያዘው። «በቢጫው ቀን እንገናኝ» የሚል ሰው መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤና የመስጊዱ የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ረቡዕ ላይ ገጥመው ሁለቱም በአንድ አረንጓዴ ታተሙ፤ አንዱንም ቅር አላለው። አንድ ሙሽራ ዓርብ መጥቶ ሮዝ ካርድ፣ ያው የቀይ ወገን ነው፣ ካልታተመልኝ ብሎ ሽማግሌ ላከብን። ልጅቷን ሲጠይቅ የላካቸው ሽማግሌዎች ራሳቸው መሰሉኝ። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ሲናገሩ ጋሽ ገለታም በወጉ «እንመካከርና መልስ እንሰጣለን» አላቸው። መልሱ ማክሰኞ ነበር።

ለቸኮለ ሰው የሚሆን ነገር ደግሞ ሳናስበው መጣ። በየቀኑ በቢላ የሚጠረገውን ቀለም ይመር ቆርቆሮ ውስጥ ሲያጠራቅመው ቢጫው ከቀዩ፣ ቀዩ ከአረንጓዴው ተቀላቀለና ስም የሌለው አንድ ቀለም ወጣ፤ ዝናብ የመታው የማንጎ ግንድ ዓይነት። ቀን ስላልተመደበለት ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ከመታጠቡ በፊት ይታተማል። ቀን ያመለጠው ሰው ተናዶ በሱ ያሳትማል፤ ካርዱን ሲያይ ንዴቱ ይበርድለታል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ይመር ስሙን «ሐጃ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ሰው ቀን ሳያመልጠው፣ ሰኞ ጠዋት መጥቶ፣ ቢጫው እያለ «በሐጃ አትሙልኝ» ማለት ጀመረ። ጥራጊያችን የከተማው ፋሽን ሆኖ አረፈ።

ጉድጓዱ ግን እንደ ካርድ በሳምንት የሚደርስ ነገር አልነበረም። ዘይት የነካውን የቦዩን አፈር ቆፍረን አነሳን። ውሃውን ደጋግመን ቀዳን፣ ሊደፋ ስለማይችል ተሸክመን ወደ ማተሚያ ቤት አወጣነው፤ ማሽን ማጠቢያና የፕሌት መጀመሪያ ውሃ አደረግነው። ያበላሸነውን ራሳችን ተጠቀምንበት ማለት ነው፣ የቧንቧውም ድርሻችን ለሰፈሩ ተረፈ። ጋሽ ገለታ ራሱ በሸሚዝ እጅጌው ገመድ ሲስብ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ አጠበልን፤ እንደገና ቀዳን። ሐጃ በየጊዜው ይወርዱና ድንጋዩን ገፋ አድርገው አሽትተው ይመልሱታል። እኔ ከላይ በመስኮት እያየሁ ከፊታቸው ለማንበብ እሞክር ነበር፤ ሙያዬ ቢሆንም አልተሳካልኝም።

መስከረም ከጠባ በኋላ የውሃ ባለሙያ ናሙና ወሰደ። «ይጠጣል» የሚለው ውጤት ሲመጣ ሐጃ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው አስቀመጡት፤ ማንበብም ማስነበብም አልፈለጉም። «ወረቀት ጥሩ ነው» አሉ፣ «ግን ወረቀት አይጠጣም። ጁምዓ ሁላችሁ ኑ።»

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ማንጎዎቹ ሥር ነበር። ጥቁር ቀናችን ቢሆንም ማሽኑን አቁመን ወረድን። ድንጋዩን ይመርና ጋሽ ገለታ ተጋግዘው አነሱት። ሐጃ ባልዲውን ራሳቸው አወረዱ፣ ራሳቸው ሳቡት፤ ማንንም አላስነኩም። የመጀመሪያውን ጣሳ ለጋሽ ገለታ ሰጡት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፤ እንደ ልማዱ ረዘመበት፤ ሰው ሁሉ ጠበቀው። ከዚያ ሳያሸት ጠጣ፣ እስከ ታች።

«ቀለም አለው?» አሉት ሐጃ።

ጋሽ ገለታ አፉን ጠርጎ «ሐጃ» አለ፣ «ይህ ውሃ በሕይወቱ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም።»

ሳቁ እስከ ላይኛው መንገድ ተሰማ። ሐጃ ራሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ጣሳው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። በርታው ጠጣ፣ ወሎዬው ጠጣ፣ የወለጋው ጠጣ፣ መንገድ ላይ የነበረና ምን እንደተሰበሰብን ያላወቀ ባጃጅ ነጂም ወርዶ ጠጣ። ከሁላችን ወደ ድሮዋ ያልተመለሰችው ፍየሏ ብቻ ናት። እሷ እንደተማረች ቀርታለች፤ በየጠዋቱ ፊት ለፊት በራችን ላይ ቆማ የወረቀት ቁራጭ ካልሰጠናት አትሄድም። አንድ ቀን ያላረምኩትን ገጽ በላችብኝ፤ ቅጂውን ሳየው ስሕተት የሞላበት ገጽ ነበር።

ባለ ፖስተሩ መሥሪያ ቤትም በዚያው ሰሞን ተመልሶ መጣ። ፖስተሩ አልቆባቸው ኖሮ ያንኑ ጠብታ ድገሙልን አሉ። ቀኑ ሰኞ ነው። ጋሽ ገለታ በሩን አሳያቸው፦ ሰማያዊ ሐሙስ። «ስለ ውሃ እኮ ነው» አለ መልእክተኛው። «ለዚያ ነው ሐሙስ ያልንህ» አለው ጋሽ ገለታ። ሰውየው ሳቀና ሐሙስ ተመለሰ።

እኔ የዚያን ዓርብ ተራዬ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሐጃ ጣሳውን ሞልተው «አንተም ጠጣ፣ አራሚ» አሉኝ። ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ሌላ ምንም አይልም። ጣሳውን ስመልስላቸው ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን ታች ላለ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ዛሬ ብዙ አገኘህ» አሉ። ከዚያ ባልዲውን እንደገና ለቀቁት።